ኮምጣጣ ጠላ ፍለጋ፦ ከቢቸና እስከ አክስቴ ጓዳ

ሰው አገር ለማየት ይወጣል፤ ገዳም ይሳለማል፣ ፏፏቴ ሥር ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ያወራል። እኔ ባለፈው ጥር ቢቸናና ሞጣ ድረስ የሄድኩት ግን ኮምጣጣ ጠላ ፍለጋ ነው። ይህን ስናገር የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ ስለሳቁ እኔ የጠጣሁት አይቀንስም።

አዲስ አበባ ጠላ የለም አልልም። አለ፤ ግን ፊልተር እያሉ በጠርሙስ የሚሸጡት ስኳር የተበጠበጠበት ይመስላል፣ ዋጋው ደግሞ የአንድ ሰው ምሳ ነው። «ኮምጣጣ ነው» ብለው ያቀረቡልኝንም ቀምሻለሁ፤ ሎሚ ጨምቀውበት ነበር። እኔ የምፈልገው ቤታችን ድግስ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ከጋኑ ሥር የሚቀረውን ነው። እናቴ ማድቤት ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ለራሷም ለእኔም በኩባያ ትቀዳና ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንጠጣው ነበር። ምላስ ይቆነጥጣል፣ ጉንጭ ይሰበስባል፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ድገሙኝ ድገሙኝ ይላል።

እናቴ የሞጣ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ወጥታ አዲስ አበባ ቀረች። ከሁለት ዓመት በፊት ስታርፍ ታላቅ እህቷ እትዬ ስመኝ መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀብር መምጣት አልቻሉም። በስልክ አብረን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወላለን እንጂ በአካል ተያይተን አናውቅም። እውነቱን ልናገርና ጠላው ግማሹ ሰበብ ነበር። እናቴ ከሌለች በኋላ እዚያ ቤት እኔ ልጅ ነኝ ወይስ እንግዳ? ሆዴን የሚበላኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ በስልክ ደግሞ አይጠየቅም።

መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ባለቤቴን ደረጀን ይዤ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥዬ ተነሳሁ። ደረጀ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጨጓራ ስላለበት ጠላ በአፉ አይዞርም፤ ከጠላ ጋር ያለው ዝምድና በእኔ በኩል ብቻ ነው። «በጀሪካን ጠላ ይዘሽ ዓባይን ልትሻገሪ ነው?» አለኝ። «ምን አለበት?» አልኩት። እንደሚፈነዳ በወረቀት ላይ እያሰላ ሊያስረዳኝ ሲል ታክሲ መጣልን።

ዓርብ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ወጣ። ጎሃ ጽዮን ደርሰን ቁልቁለቱ ሲጀመር ደረጀ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ያዘ፤ ጀሪካኔ ደግሞ ከእግሬ ሥር አምልጦ በወንበሮቹ መሐል እየተንኳኳ እስከ ሾፌሩ ድረስ ወረደ። ከየወንበሩ እግር ተነሳለት። አንድ ነጋዴ የሚመስል ሰው ይዞልኝ መጣና «እህቴ፣ ቤንዚን አይደለም አይደል?» አለኝ። ባዶ ነው አልኩት። ፍተሻው ላይም አንዱ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው።

«ምን ልትሞይበት ነው?»

«ኮምጣጣ ጠላ።»

ፈታሹ ጓደኛውን ጠርቶ ነገረውና ሁለቱም እየሳቁ አሳለፉን።

ዓባይ ድልድይ ላይ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ደጀን ላይ ደግሞ ነፋሱ ነጠላ ያስደርባል። ዓርብ ስለሆነ ምሳችን በየዓይነቱ ነበር። እንጀራው ነጭና ሰፊ፣ ጫፉ ከትሪው አልፎ የተንጠለጠለ! እኛ ሰፈር በዚያ ዋጋ የሚገኘው እንጀራ ትሪውን ለመሸፈን ይቸገራል። ከደጀን ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ግራና ቀኙ የጤፍ ጭድ ክምር ብቻ። እኔ በየክምሩ ውስጥ ጠላ እንጂ ጭድ አልታይ ብሎኝ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ቢቸና ገባሁ።

ያረፍንበት ፔንሲዮን አልጋው ንጹሕ ነው፤ ውኃ ግን የለም። እኛ ቤት ውኃ ሲጠፋ አከራያችን «ሮቶ ግዙ» ብላ በሯን ትዘጋለች። እዚህ ባለቤቲቱ «ከዓባይ በረሃ አቧራ ለብሳችሁማ አታድሩም» ብላ ራሷ በባልዲ የሞቀ ውኃ በር ላይ አስቀመጠችልን። ለውኃው ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ። ያን ዕለት እግሬን ታጥቤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ቅዳሜ

በጠዋት ጠላ ቤት ፍለጋ ወጣን። ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሳየው ደረጀን ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። «ገና ቁርስ አልበላንም እኮ!» ይላል እሱ። ማን ሰምቶት!

የጠላ ቤቱ ባለቤት እትዬ ይታይሽ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው ግቢ የሚሞላ ሴት ናቸው። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሴት ከባሏ ጋር በጠዋት ጠላ ቤት ስትገባ እንግዳ ነገር ቢሆንም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልን። እትዬ ይታይሽ ማንቆርቆሪያውን ይዘው መጡ፤ እንደ ደንቡ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ሊቀዱልኝ ጎንበስ አሉ። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ኮምጣጣ አለዎት?»

«ምን አልሽ?»

«ኮምጣጣ ጠላ። በደንብ የኮመጠጠ።»

አንደኛው ሽማግሌ ጣሳቸውን መሬት አስቀመጡ።

«የይታይሽ ጠላ ኮመጠጠ ብሎ የላከሽ ማነው?» አሉ እትዬ ይታይሽ፤ ማንቆርቆሪያውን ወደ ደረታቸው መልሰው።

«ኧረ ማንም አልላከኝም! እኔ ስለምወድ ነው።»

«ትወጃለሽ?» ሆዴን አዩና ወደ ደረጀ ዞሩ። «ጸንሳ ነው እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ደረጀ ጆሮው ቀላ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዬ ስምል እትዬ ይታይሽም ሳቁና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ስሚ ልጄ፣ የኮመጠጠ ከማንም ቤት አይጠፋም። ከኔም ጓዳ አለ። እሱን የምንጠጣው ግን እኛው የቤት ሰዎች ነን። ለመጣ ሰው ደህናው ይቀዳል። እንግዳን ኮምጣጣ አጠጣች ከምባል ይህን በር ብዘጋው ይሻለኛል።»

«በገንዘቤስ ብገዛዎት?»

«ገንዘብሽን ተቀብዬ ነገ በየት በኩል ቀና ብዬ ልሂድ? ተይ እንጂ አንች! ይልቅ ይህን ያዥ።»

የሰጡኝ ጠላ ጉድ ነበር። ጌሾው ጎላ ያለ፣ ወደ መኮምጠጡ ትንሽ ያዘነበለ፣ ቀዝቃዛ። ከገብስ ቆሎ ጋር ሁለት ጣሳ ጠጣሁ፤ የሁለቱ ሒሳብ አዲስ አበባ ላይ የፊልተሩን ጠርሙስ አንገት አይሞላም። ቢሆንም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ለካ እናቴ ያንን ጠላ ለአንድም እንግዳ ሰጥታው አታውቅም! እኔ ሁልጊዜ ማድቤት ስለሆንኩ፣ ሳሎን ያሉት ምን እንደሚጠጡ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ቁልጭ አለልኝ። እትዬ ስመኝ ኮምጣጣውን ከሰጡኝ ልጅ ነኝ፤ ካልሰጡኝ እንግዳ ነኝ። ለምኜ ባገኘው ደግሞ ዋጋ የለውም፤ እሳቸው ራሳቸው ሊሰጡኝ ይገባል።

ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ «ደረጀ፣ በሞቴ፣ አክስቴ ቤት ስለ ኮምጣጣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አልኩት። «እኔ ምን አገባኝ» አለ፤ አደራዬን በዚህ ነው የተቀበለው።

ደብረ ወርቅን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጣሪያ ላይ የታሰረው ጀሪካኔ ተፈቶ ወደቀ። ከኋላ የተቀመጡት አይተው ጮኹ። ተዉት፣ ባዶ ነው አልኩ። ሾፌሩ ግን መኪናውን አቁሞ ወደ ኋላ ይነዳ ጀመር። «የእንግዳ ዕቃማ መንገድ ላይ አይቀርም» አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ራሱ ቢወድቅ ታክሲ ወደ ኋላ አይመለስም። ሁሉም ሰው ወርዶ ጀሪካኑን ከቦይ ሲያወጣልኝ ደስ አለኝ፤ እንግዳ የምትለዋ ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች።

ሞጣ መናኸሪያ እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ጠበቁን። የእናቴ ግንባር፣ የእናቴ አገጭ! ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ነይ እንግዳዬ፣ ነይ ቤት ያፈራውን ቅመሽ» አሉኝ። ደረጀንማ «እርስዎ» ነው የሚሉት። አማች ነውና እጅ ነሱት፤ እሱም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት መልሶ እጅ ነሳ፤ ሁለቱ ተራ በተራ ጎንበስ ቀና ሲሉ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ አየኋቸው።

ዶሮ ተሠርቶ ነበር። የራሳቸውን አልጋ አዲስ አንሶላ አልብሰው ለቀቁልን። ሰሃን ላንሳ ስል «ተቀመጭ! ከሩቅ መጥተሽ?» አሉኝ። ከዚያም ከሱቅ ያስመጡትን የጠርሙስ ቢራ ፊት ለፊቴ ከፈቱ። ቢራ! ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳው፣ ያ የማውቀው ሽታ ይመጣል። ያ ምላሴን የሚቆነጥጠው፣ ጉንጬን የሚሰበስበው። አፌ በውኃ ተሞልቶ ቢራዬን በትኅትና ጠጣሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች እኔን ለማየት መጡ። እትዬ ስመኝ ደህናውን ጠላ በመዳፋቸው እየቀመሱ አስተናገዱ። ሁሉም ስለ እናቴ ያወራል፤ ሩጫዋን፣ ሳቋን፣ ዛፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ያለችበትን ቀን። እኔ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። አንዲት ጎረቤት ድንገት ወደ ደረጀ ዞረው «እርስዎ ምነው ጠላ አይነኩም?» አሉት።

ደረጀ የሰው ዓይን ሲበዛበት የመጣለትን ይናገራል። «ጨጓራ አለብኝ እናቴ። ጠላ ወዳዷ እሷ ናት። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነውም እኮ እትዬ ስመኝ ቤት ኮምጣጣ ጠላ አይጠፋም ብላ ነው።»

ልጮህ ነበር። ጎረቤቶቹ ኩባያቸውን አዩ፤ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብለው፣ ግን አዩት። እትዬ ስመኝ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። «እኔ ቤት?» አሉ።

ጎረቤቶቹ ብዙም ሳይቆዩ መርቀው ወጡ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ላስረዳ ብዬ ተነሳሁ፤ እሳቸው ግን «ቢራ ላስመጣልሽ እንግዳዬ?» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ደረጀ ዓይኔን መቋቋም ስላቃተው ሹልክ ብሎ ወጣ። አመሻሹ ላይ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። የአክስቴ ጎረቤት ሐጂ ሰይድ ሱቃቸው በር ላይ ሲንቀዋለል አይተውት ቤታቸው አስገብተው ቀሪቦ አጠጥተውታል። ገብስ ነው፣ ጠላ ይመስላል፣ አያሰክርም፣ ጨጓራም አይነካም! «ነገም ና ብለውኛል» አለኝ። የእኔን ነገር ዶግ አመድ አድርጎ እሱ የሚጠጣውን አገኘ።

ሰኞ

በጠዋት ተነሳሁ። ደረጀ ገና በማለዳው ወደ ሐጂ ሰይድ ሄዷል። እትዬ ስመኝ ጓሮ እንስራና ጋን ደርድረው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያጥባሉ። አዲስ ጠላ ሊጠነስሱ ነው። እኔም ምንም አልጠየቅሁም። ነጠላዬን ታጠቅሁ፣ ማጠቢያውን የግራዋ ቅጠል በጭብጤ ዘገንኩ፣ አንዱን እንስራ ሳብ አድርጌ እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩ።

«ተይ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አሉ።

ውስጡን አሸሁት። ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ክንድ ወዲያው ነው የሚዝለው፤ ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ። የእንስራው ሥር ሲጠራ እጄን ልመልስ ሳብ አደረግሁት። እንቢ አለ። ደግሜ ሳብኩት፤ እንስራው ከነእጄ ተነሳ። ክንዴ ላይ እንስራ ለብሼ ጓሮ ውስጥ ቆምኩ።

«እትዬ...» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

ዞረው አዩኝ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«አልወጣ አለኝ።»

«እንዴት አይወጣም? ሲገባ ገብቶ የለ!» መጥተው እንስራውን ያዙ፣ ወደ ታች ሳቡ፤ እኔ ጮህኩ። «ያዝሽው እንዴ? ግራዋውን ጨብጠሽ ነው? ልቀቂው! አንች፣ ልቀቂው እላለሁ፣ እንስራዬን ልትሰብሪብኝ ነው! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ!»

ለቀቅሁት፤ እጄ ወጣ። እሳቸው እንስራውን አቅፈው ቁጭ አሉና ይስቁ ጀመር። እኔም ሳቅሁ። እንባችን እስኪፈስ፣ ወገባችንን እስኪያመን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ነው የሆነውን ያስተዋልኩት፤ ተቆጥተውኛል! ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንጓጠጡኝ። ያ ቁጣ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሳሽ እሳቸው ሲያለቀልቁ፣ እሳቸው ሲያሹ እኔ ሳለቀልቅ የቀሩትን ጨረስን። ደጋግመው ሰደቡኝ፤ ውኃ አባከንሽ አሉኝ፣ ጋን የሚታቀፈው እንዲህ ነው አሉኝ። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። አላዩኝም። ግንባራቸውን እየጠረጉ እንዲሁ ተናገሩ።

«ውኃ ጥም ገደለኝ። ከጓዳ ግቢና በግራ በኩል ያለችውን ገንቦ አምጫት። ኩባያም አምጭ፣ ሁለት።»

እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ። መጋረጃውን ገለጥሁ፤ እንግዳ የማይገባበት ጓዳ ውስጥ ገባሁ፤ በግራ በኩል አፏ በቅጠል የተከደነች ትንሽ ገንቦ አለች። ክዳኑን ሳነሳ ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። አቅፌ አመጣኋት። እንደ ደንቡ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ወይ ጉድ! ጉንጬ ተሰበሰበ፣ ዓይኔ ጠበበ፣ ጀርባዬን አንድ ነገር ነዘረኝ። አዲስ አበባ ከዳር እስከ ዳር ብትፈተሽ ያ አይገኝም። ለእሳቸው ቀዳሁ፣ ለእኔም ቀዳሁ። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ጠጣን።

«ኮምጣጣ ነው» አሉ፣ ከንፈራቸውን እየጠረጉ።

«በጣም።»

«ድገሚኝ።»

ዋጋውስ ለምትሉኝ፣ ተመጣጣኝ ነው፤ ክንዴ ሳምንት ሙሉ አሞኛል። ጀሪካኑንም ለውኃ መቅጃ ይሁንዎት ብዬ ትቼላቸው ነው የተመለስኩት፤ ይህን በጀሪካን ሞልቶ መውሰድ እንደማይቻል በደንብ ገብቶኛል።

ሁለተኛውን ኩባያ እንደጨረስን የአጥሩ በር ተንኳኳ። «ቤቶች!» የሚል የደረጀ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ስመኝ ደንግጠው ብድግ አሉ፤ ነጠላቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

«ውይ፣ አማቻችን መጡ! ገንቦዋን ደብቂያት፣ ቶሎ በይ! እንግዳ ይህን አይተው ምን ይሉናል?»

ገንቦዋን አቅፌ ወደ ጓዳ ሮጥኩ፤ ቅጠሏን አልብሼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ አፌን በእጄ ጀርባ ጠርጌ ተመለስኩ። ደረጀ የተደረደሩትን እንስሮች፣ ከዚያ እርጥብ ልብሴን፣ ከዚያ ሁለቱን ባዶ ኩባያዎች አየ።

«ምን እየጠጣችሁ ነበር?» አለ።

«ውኃ» አልነው፣ እኔና አክስቴ በአንድ አፍ።